ባለመስመር ጨርቅ ወደ ነገሥታት እልፍኝ የገባበት ታሪክ

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኤውሮጳ ምድር በግሪክና በሮማ ሥርዓት ወደ ታነጹት አብያተ መንግሥትና የመኳንንት እልፍኞች የገባ ሰው፥ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በወርቅ በተለበጠው ክፈፍና ከጣራው በወረደው የብርጭቆ ፋና ላይ ቢሆንም፥ ጥቂት ቆይቶ ልቡን ያሳረፈለት ምን እንደ ሆነ ራሱን ሲጠይቅ፥ መልሱን በመስኮቱ መጋረጃ፥ በወንበሩ ልባስና በግድግዳው ላይ በተወጠረው ጨርቅ ያገኘዋል፤ ይህም ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ሥዕል የሌለበት፥ ኅብሩ ረጋ ያለ፥ ከላይ ወደ ታች በቀጭን መስመር የተከፈለ ነው። ዛሬ የጨዋነትና የመልካም ምርጫ ምልክት ሆኖ ስለሚቆጠር ከጥንት ጀምሮ በክብር የኖረ ይመስላል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። በምዕራቡ ዓለም ባለመስመር ጨርቅ፥ መኳንንቱ አልፎ አልፎ ለወግ ለብሰውት ቢታዩም እንኳ፥ ወደ አምስት መቶ ዓመት ያህል በቤተ ክህነት የተወገዘ፥ በቤተ መንግሥትም የአሽከርና የአጫዋች መለያ የሆነ፥ ከዚያም ለፍራሽና ለድንኳን የተተወ ነበር፤ ወደ እልፍኙ የገባውም ባለጠጎች ሀብታቸውን ከማሳየት ይልቅ ልክ ማወቃቸውን ማሳየት በወደዱበት ዘመን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተቆጠሩ ናቸው።)

የንቀቱን መነሻ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የቀርሜሎስ መነኮሳት ነገር ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ በ1254 ከመስቀል ጦርነት ወደ አገሩ ሲመለስ፥ ነቢዩ ኤልያስ ከጸለየበት ከቀርሜሎስ ተራራ የወጡ መነኮሳት አብረውት መጥተው ፓሪስ ገቡ፤ ነጭና ጠቆር ያለ መስመር የተፈራረቀበትን ካባቸውን ለብሰው በከተማው መንገድ ሲያልፉ ግን ሕዝቡ እንደ መናንያን በአክብሮት በመቀበል ፈንታ በጣት እየጠቆመ ሣቀባቸው፥ የስድብም ስም አወጣላቸው። መነኮሳቱ ስለ ካባቸው የሚናገሩት ትውፊት ነበራቸው፤ ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ሲያርግ መጎናጸፊያውን ለደቀ መዝሙሩ ለኤልሳዕ በጣለለት ጊዜ፥ በነበልባሉ መካከል ያለፈው ጨርቅ ወደ ውጭ የተገለጠው ወገን ተለብልቦ ሲጠቁር በእጥፉ ውስጥ የተሰወረው ነጭ ሆኖ ቀረ፥ እኛም የምንለብሰው የዚያን አምሳል ነው ይሉ ነበር። ትውፊቱ እጅግ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሥላቅ አላዳናቸውም። የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አሌክሳንደር 4ኛ ካባቸውን እንዲለውጡ ቢያዝዛቸውም ብዙ ዓመት እምቢ ብለው ቆይተው፥ በመጨረሻው በ1287 በሞንፔሊዬ ባደረጉት ጉባኤ ባለመስመሩን ትተው ነጩን ካባ ተቀበሉ፤ በ1295ም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስ 8ኛ ባለመስመር ልብስ በማናቸውም የምንኩስና ማኅበር ዘንድ የተከለከለ እንዲሆን ደነገገ።

ሰው በጨርቅ ላይ ስለ ተሰመረ መስመር እስከዚህ ድረስ ስለ ምን ይቈጣል ቢባል፥ ነገሩን በጥልቅ የመረመረው ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ሚሼል ፓስቱሮ የሚሰጠው ትርጓሜ ልብን ያሳምናል። የዚያ ዘመን ሰው ማናቸውንም ሥዕል የሚያነበው ከበስተኋላ ካለው መደብ ጀምሮ በየደረጃው ወደ ፊት እየመጣ ነበር፤ ባለመስመር ጨርቅ ግን ነጩ መደብ ጥቁሩ ሥዕል፥ ወይም ጥቁሩ መደብ ነጩ ሥዕል ይሁን ሳይለይ ሁሉን በአንድ ገጽ ላይ አስተካክሎ ስለሚያቀርብ፥ ዓይን መጀመሪያውንና መጨረሻውን አጥቶ ይታወካል። በዚህም ላይ ከሁለት ዓይነት ነገር የተሠራ ልብስ እንዳይለበስ በኦሪት ዘሌዋውያን የተጻፈው ሕግ ተጨምሮ፥ መስመሩ የመቀላቀልና የሥርዓት መፍረስ ምሳሌ ሆኖ ተቆጠረ። ስለዚህ በአንዳንድ ከተሞች አመንዝራ ሴት፥ የሞት ፍርድ ፈጻሚና ቀልደኛ ከሌላው ሰው እንዲለዩ በባለመስመር ልብስ ታወቁ፤ ኋላም በትልልቅ ቤቶች የሚያገለግሉ አሽከሮች፥ ከዚያም የመርከብ ሠራተኞችና እስረኞች መለያ ሆነ። ጨርቁ በቤት ውስጥ የነበረው ስፍራም ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ እንግዳ የማያየውን ፍራሽ ለመስፋት፥ የሐሩን ወንበር ከአቧራ ለመሸፈንና ለጦር ሠራዊት ድንኳን ለመትከል ተፈለገ። ከተልባ እግር ፈትል ጠብቆ የተሸመነው የፍራሽ ጨርቅ ላባውም ሆነ ገለባው ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚከለክል ጽኑ ጨርቅ ነበር፤ በእኛም አገር የጥጥ ፍራሽ የሰፋ ሰው ያንን መስመር በሚገባ ያውቀዋል።

ከዚህ ስፍራው ያነሣው አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ከምሥራቅ የመጣ ነው። ከደማስቆና ከሐለብ ገበያ፥ ከዚያም ከህንድ በመርከብ የሚመጣው የሐርና የጥጥ ባለመስመር ጨርቅ በምሥራቅ አገር የነውር ምልክት ስላልነበረ፥ ከመነሻው ጋር ክብሩን ይዞ ገባ። በ1686 የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥ መልእክተኞች በሉዊ 14ኛ ፊት በቬርሳይ በቀረቡ ጊዜ የፈረንሳይ ሕዝብ በልብሳቸው እጅግ ስለተደነቀ፥ የሩዋን ከተማ ሸማኔዎች ጥጥንና የተልባ እግርን አጣምረው የሚሠሩትን ባለመስመር ጨርቅ በሲያም ስም ጠሩት፤ እርሱም ርካሽና ለመታጠብ የሚመች ስለነበረ መካከለኛ ኑሮ ባላቸው ቤተ ሰቦች ዘንድ ለአልጋ መጋረጃና ለወንበር ልባስ ተስፋፋ።

ሁለተኛውና ታላቁ ምክንያት ግን ከመሬት በታች የወጣ ነው። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮስ ተራራ በእሳት አመዱ የቀበራቸው የሄርኩላኒየምና የፖምፔ ከተሞች፥ የመጀመሪያይቱ በ1738 ሁለተኛይቱ በ1748 መቆፈር ሲጀምሩ፥ ኤውሮጳ ጥንታውያን እንዴት ባለ ቤት ይኖሩ እንደ ነበር በዓይኗ አየች፤ ያን ጊዜም ቀንድ አውጣ እየመሰለ ይጠማዘዝ የነበረው የሉዊ 15ኛ ዘመን ጌጥ ባንድ ትውልድ ውስጥ አስጠሊታ ሆኖ፥ ቀጥ ያለ መስመር፥ የተመጠነ ክፈፍና ከላይ እስከ ታች በቦይ የተሸነተረ ዓምድ ነገሡ። የወንበሩ እግር ሳይቀር እንደ ትንሽ ዓምድ ቀጥ ብሎ ቦይ ወጣለት። እንግዲህ እንዲህ ባለው እልፍኝ ላይ ምን ዓይነት ጨርቅ ይስማማል? ትልልቅ አበባና ፍሬ የሞላበት የቀድሞው ሐር ከዓምዱ ጋር ይጣላል፤ ባለመስመሩ ጨርቅ ግን የዓምዱን ቦይ በፈትል ደግሞ የሚያሳይ ስለሆነ፥ በማኅሌት ውስጥ መሪጌታው ዜማውን ሲያነሣ መቋሚያው መጠኑን እንደሚጠብቅለት፥ ድንጋዩ ለጀመረው ሥርዓት ልክና ምት ይጠብቅለታል። እኔ እንደማምነው ጨርቁን ወደ ክብር ያወጣው ዋናው ነገር ይህ ስምምነት ነው። በ1777 የአሜሪካ መንግሥታት ማኅበር 13 መስመር ያለበትን ሰንደቅ ዓላማ መምረጡ፥ ከ1789 በኋላም የፈረንሳይ አብዮት ሦስቱን ቀለሞች በየአደባባዩ ማውለብለቡ፥ መስመሩን የነጻነት ምልክት አድርጎ ፍቅሩን አበዛው እንጂ፥ በፓሪስ እልፍኞች የነበረው ዝንባሌ ከአብዮቱ አስቀድሞ የተጀመረ ነው።

ስለ አሠራሩም ጥቂት ማለት ይገባል፥ የክብሩ ምሥጢር አንዱ ወገን በዚያ አለና። አበባና ሐረግ ያለበትን ሐር ለመሸመን በሊዮን ከተማ አንድ ሸማኔ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ በየውርወራው ፈትሉን እየለየ የሚስብለት ረዳት ከጎኑ ይቆም ነበር፥ ዣካር የተባለው የዚያች ከተማ ሰው በተበሳ ካርቶን የሚመራውን መሣሪያውን በ1804 እስኪያወጣ ድረስም ይህ አድካሚ ሥራ ብዙ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ባለመስመሩ ጨርቅ ግን ንድፉ ሁሉ በድሩ ላይ ያለቀ ነው፤ ሸማኔው ድሩን በሚያደራበት ጊዜ ይህን ያህል ክር ነጭ፥ ይህን ያህል ክር ግራጫ፥ በመካከሉ ደግሞ ሁለት ክር ሰማያዊ ብሎ ካሰለፈ በኋላ፥ መወርወሪያው አንድ ዓይነት ማግ ይዞ ቢመላለስ መስመሩ ራሱን እየሠራ ይወርዳል። ስለዚህ የመንደር ሸማኔና የንጉሥ ሸማኔ በእኩል ችሎታ ሊሠሩት የሚችሉት፥ ልዩነቱ በፈትሉ ጥራትና በአሰላለፉ ማስተዋል ብቻ የሚታወቅ ሥራ ሆነ። ሌላም ጥቅም አለው፤ የሊዮን ሐር ወርዱ 54 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለነበረ ለግድግዳና ለመጋረጃ ሲሆን ብዙ ጨርቅ ጎን ለጎን መሰፋት ነበረበት፥ ባለሥዕል ጨርቅ ከሆነ የአበባው እኩሌታ ከእኩሌታው ጋር እንዲገጥም ብዙ ክንድ ተቆርጦ ይጣላል፥ በባለመስመር ጨርቅ ግን ስፌቱ በመስመሩ ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል፥ የሚባክንም የለም።

ይህን ሥርዓት ከሁሉ አብልጦ የራሱ ያደረገ አገር ስዊድን ነው፥ እኔም ልቤ የሚያደላው ወደዚያ ነው። ንጉሡ ጉስታቭ 3ኛ በ1771 የአባቱን ሞት የሰማውና የነገሠው በፓሪስ ሳለ ሲሆን፥ በ1783ና በ1784 ዳግመኛ ወደ ኢጣልያና ወደ ፈረንሳይ ተጉዞ የሮማን ፍርስራሽ ተመልክቶ፥ በቬርሳይ ባለው በትሪያኖንም በንግሥት ማሪ አንቷኔት ግብዣ ላይ ተቀምጦ ተመለሰ። በስቶክሆልም አጠገብ በሃጋ ከ1787 ጀምሮ ኦሎፍ ቴምፐልማን ያነጸለት፥ ሮማን ያጠናው ሉዊ ማስሬሊየዝም ውስጡን ያስጌጠለት ትንሽ ቤተ መንግሥት የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው። ነገር ግን ስዊድን የፈረንሳይን ያህል ባለጠጋ አልነበረችም፤ ንጉሡም ራሱ ሕዝቡ በውጭ አገር ልብስ ገንዘቡን እንዳያጠፋ በ1778 ብሔራዊ ልብስ አውጥቶ ነበር። ስለዚህ የፈረንሳይ ወንበር ወደ ስዊድን ሲሻገር ወርቁን ትቶ ነጭና ግራጫ ቀለም ተቀባ፥ የሊዮንን ሐር ትቶ በአገሩ ማሳ የበቀለውን የተልባ እግር ለበሰ፤ የተልባ እግሩም ባለመስመር ወይም ባለአራት ማዕዘን ሆኖ፥ ሰማያዊው እንደ ክረምት ሰማይ የገረጣ፥ ቢጫው የገለባ መልክ ያለው፥ ግራጫው ወደ ሉል የሚያደላ ነበር። በሰሜን አገር በክረምት ፀሐይ ጥቂት ሰዓት ብቻ ታይታ ትጠልቃለች፤ ጥቁርና ደማቅ ጨርቅ ያንኑ ጥቂት ብርሃን ይውጠዋል፥ ረጋ ያለው ጨርቅ ግን ከመስኮቱ የተቀበለውን ለግድግዳው፥ ግድግዳው ለመስተዋቱ ያስተላልፋል። የኅብሩ መርጋት እንግዲህ ከድህነት፥ ከብርሃን እጥረትና ከማስተዋል በአንድነት የተወለደ ነው። ንጉሡ በመጋቢት 16 ቀን 1792 በኦፔራ ቤት በጭምብል ጭፈራ መካከል በጥይት ተመትቶ በዚያው ወር በ29ኛው ቀን ዐረፈ፤ በስሙ የተጠራው የእልፍኝ ሥርዓት ግን በመኳንንቱም በገበሬውም ቤት ኖረ።

በፈረንሳይ የሆነው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ዦዜፊን በ1799 ባሏ የጦር አለቃው ናፖሌዎን ቦናፓርት በግብፅ ዘመቻ ላይ ሳለ በፓሪስ አጠገብ ያለውን የማልሜዞንን ርስት ገዛች፤ እርሱም ተመልሶ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሚኒስትሮቹን የሚሰበስብበት አዳራሽ በዚያ እንዲዘጋጅለት ሁለቱን ወጣት መሐንዲሶች ፔርሲዬንና ፎንቴንን አዘዘ። ጊዜው አጭር፥ የሰውዬውም ጠባይ ማዘግየት የማይወድ ስለነበረ፥ በሐምሌ 1800 አዳራሹን በአሥር ቀን ውስጥ ለመጨረስ የተገኘው ዘዴ የጦር ሜዳን ድንኳን መምሰል ሆነ፤ ግድግዳውና ጣራው በባለመስመር ጨርቅ ተሸፈነ፥ ጨርቁም በጦርና በሮማውያን የሥልጣን በትር አምሳል በተሠሩ ምሰሶዎች ላይ እንደ ተወጠረ ሆኖ ታየ፥ በየመካከሉም የታወቁ ተዋጊ ሕዝቦች የጦር መሣሪያ ተሰቀለ። ቀድሞ ለፍራሽና ለሰፈር ድንኳን የተተወው ጨርቅ የኤውሮጳ ዕጣ የሚመከርበትን ጠረጴዛ ከበበ። ሐር ለመግዛት የሚያቅተው መንግሥት አልነበረም፤ ነገር ግን ድንኳኑ ወታደርን የሚያስከብር፥ ከቬርሳይ ቅንጦትም የሚለይ ንግግር ስለነበረው ተመረጠ። ይህ በእኔ ዘንድ በጨርቁ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቀን ነው፥ ከዚያ በኋላ ባለመስመሩን ጨርቅ የሚያፍርበት እልፍኝ አልተገኘምና።

የድንኳኑ ምሳሌ ወደ ብዙ አገር ተሻገረ። ካርል ፍሪድሪሕ ሺንከል ከ1826 እስከ 1829 በፖትስዳም ለፕሩስያው አልጋ ወራሽ በሠራው በሻርሎተንሆፍ ቤት ውስጥ አንዲቱ ክፍል ከጣራዋ እስከ አልጋዋ መጋረጃ በነጭና በሰማያዊ መስመር የተሞላች የድንኳን ክፍል ናት፤ የተፈጥሮ ሊቅና ተጓዥ የነበረው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በዚያ ቤት በእንግድነት ያርፍ ነበር። በእንግሊዝ አገርም ሰፊና ጠባብ መስመር የተፈራረቀበት ሐር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የዘመኑ መለያ ሆኖ እስከ ዛሬ በዚያ ዘመን ስም ይጠራል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና ከቀለም ነው። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነከረው ቀይ በሚሰጥ ሥር፥ ቢጫ በሚሰጥ ቅጠል፥ በኢንዲጎና በገውዝ ፍሬ ቅርፊት ነበር፤ እነዚህም ቀለሞች ሁሉ ከምድር የወጡ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ላይ አይጮኽም። በ1856 ግን ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በለንደን የወባን መድኃኒት ኪኒንን ለመሥራት ሲሞክር ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ በሚወጣ ነገር ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ ከእርሱም በኋላ ቀዩም አረንጓዴውም በፋብሪካ እየተፈለሰፈ ሲወጣ፥ የመጋረጃና የወንበር ጨርቅ ቀድሞ በማይታወቅ ብርታት ደመቀ፥ የዘመኑም ሀብታም እልፍኝ በከባድ ከፋይና በሚያጥበረብር ኅብር ተሞላ። ከእነዚህ ከመጀመሪያዎቹ ቀለሞች ብዙዎቹ በፀሐይ ፊት ቶሎ ይከዱ ነበር። ስለ አሮጌው ጨርቅም እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ዛሬ በቤተ መዘክር የምናየው የደበዘዘ ሐር ሁሉ ከመጀመሪያው እንዲያ አልነበረም፥ ጠባቂዎቹ ስፌቱን ከፍተው ብርሃን ያላገኘውን ወገን ሲመለከቱ ከውጩ ይልቅ የደመቀ ኅብር ያገኛሉ። እንግዲህ የምንወደው የረጋ መልክ እኩሌታው የሸማኔው ምርጫ፥ እኩሌታው የዘመን ሥራ ነው፤ ይህ ግን የምርጫውን ዋጋ አይቀንሰውም፥ ኋለኞቹ ሰዎች ያንን መልክ አውቀውና ወደው ደግመው ሠርተውታልና።

ከእነዚህም ሰዎች አንዲቱን በስም ላነሣት እወዳለሁ። ካሪን ላርሶን በስዊድን አገር በሱንድቦርን መንደር ከባሏ ከሠዓሊው ከካርል ላርሶን ጋር በኖረችበት የእንጨት ቤት፥ የጥንቱን የጉስታቭ ዘመን ወንበር ከአሮጌ ዕቃ መካከል አውጥታ በራሷ ሽመናና በባለመስመር ልባስ አስጌጠችው፤ ባሏም ያንን ቤት በውሃ ቀለም ሥሎ በ1899 በመጽሐፍ ባወጣው ጊዜ፥ የከበደው ከፋይ መጋረጃ የሰለቸው ሕዝብ በብርሃን የተሞላውን እልፍኝ አይቶ ወደደው። ዛሬ በስዊድን ስም በዓለም ገበያ የሚሸጠው ግራጫና ሰማያዊ መስመር ያለበት የቤት ጨርቅ የዚያች ሴት ባለዕዳ ነው፤ ስሟ ግን ከባሏ ስም በታች ተሸፍኖ መኖሩ ተገቢ አይመስለኝም።

በአገራችን ጥበብ ቀለም ብዙውን ጊዜ በሸማው ዳር በጥለቱ ላይ ይሰበሰባል እንጂ መላውን ጨርቅ አይወርስም፤ ሆኖም ድር ማድራትና ጠባብ ጨርቆችን ጎን ለጎን መስፋት ለሸማኔዎቻችን የዕለት ሥራቸው ስለሆነ፥ ከላይ የተነገረው ሁሉ ለእጃቸው እንግዳ አይደለም፥ ለመጋረጃና ለትራስ ልባስ የሚሆን ጨርቅ የሚሸምኑም ዛሬ አሉ። ጣራው ከፍ ያለ፥ መስኮቱ ረጅም የሆነ የቀድሞ ዘመን ቤት ያለህ አንባቢ፥ ከባሕር ማዶ የመጣ የሚያብረቀርቅ መጋረጃ ከመግዛትህ በፊት የመስመሩን አሰላለፍ በወረቀት ነድፈህ ወደ ሸማኔ ሂድ፤ ሁለት ወይም ሦስት ረጋ ያሉ ኅብሮችን ብቻ ምረጥ፥ አንድ ክንድ ያህል ለናሙና አሠርተህም በመስኮቱ አጠገብ ስቀልና ጧትና ማታ ተመልክተው፥ የቀረውንም ከዚያ በኋላ እዘዝ።